ሦስት ኳስ ስጣት

የኔአለም ያን ቅዳሜ ጠዋቱን ሙሉ አምበር በምትባለው የገጠር ከተማ ከብት ስትከትብ አርፍዳ፣ አንድ ወይፈን ጭኗን ረግጦ አብልዞት፣ በስምንት ሰዓት ደብረ ማርቆስ ገባች። ቤቷ ደርሳ ቦቲ ጫማዋን ብቻ ቀየረች። ምሳ አልበላችም። ሆዷ ውስጥ ለምሳ የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ ንዴት ሞልቶታል። ከሁለት ወር ደመወዟ የቆጠበችውን ሁለት ሺህ ብር ከሣጥኗ አወጣችና በቀጥታ ወደ ወልደ ሩፋኤል ፑል ቤት ሄደች።

ንዴቱ የሰባት ወር ነው። የእንስሳት ሐኪም ሆና ወደዚህ ከተማ ስትመደብ፣ ከባሕር ዳር የተማሪነት ዘመኗ ይዛው የመጣችው ትልቁ ችሎታ መርፌ መውጋት አልነበረም። በተማሪዎች መዝናኛ ክበብ አራት ዓመት ሙሉ የፑል መምቻውን ዘንግ፣ ስቴካ ይዛ ከወንዶቹ ጋር ስትሟገት ኖራለች፤ አሸንፋለች፣ ተሸንፋለችም። እዚህ ግን የሚያሸንፋትም የሚሸነፍላትም ሰው አላገኘችም። ምክንያቱ የቤቱ ደንብ ነው።

በወልደ ሩፋኤል ቤት በገንዘብ የሚጫወቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው አይደራደሩም። መያዣቸውን ለባለቤቱ ያስረክባሉ። እሳቸውም ብሩን በቆርቆሮ ጣሳ ከትተው ከመደርደሪያው ላይ ይሰቅሉና ሁለቱን ተጫዋቾች ይመዝናሉ። «አንተ ለእሱ ሁለት ኳስ ስጠው» ይላሉ። ያን ጊዜ፣ የተሰጠው ሰው ጨዋታውን የምትዘጋውን ጥቁሯን ኳስ ለመምታት ቀድሞ ሊያስገባቸው ከሚገባው ሰባት ኳሶች ሁለቱ ጨዋታው ሳይጀመር ይነሡለታል። ይግባኝ የለም። ጋሽ ወልደ ሩፋኤል ሃያ ዓመት እንዲህ ሲፈርዱ ኖረዋል፤ ከቤታቸው ተሸንፎ የሚወጣ ሰው እንኳ «ተመጣጥነን ነበር» ብሎ ነው የሚወጣው።

ለየኔአለም ግን ፍርዱ ተለውጦ አያውቅም። ተጋጣሚዋ ማንም ይሁን ማን፣ ሽማግሌው ቀና ብለው ሳያዩ «ሦስት ስጣት» ይላሉ። መጀመሪያ ስላላወቁኝ ነው ብላ ታገሠች። ስቴካ በየት በኩል እንደሚያዝ ከማያውቅ የባንክ ዘበኛ ጋር በተጋጠመች ቀንም ፍርዱ ሦስት ነበር። ስታሸንፍ «በሦስት ኳስማ ማን አያሸንፍም» ይሏታል። ስትሸነፍ «ሦስት ተሰጥቷት እንኳ» ይሏታል። ሰባት ወር ሙሉ ከዚያ ጠረጴዛ ሳትለይ፣ አንድም ቀን ተጫውታ አታውቅም።

ቤቱ ከገበያ በተመለሱ ሰዎች ሞልቷል። ጋሽ ወልደ ሩፋኤል ከመደርደሪያው ሥር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ብሩን እጃቸው ላይ አኖረችው።

«ከመሳፍንት ጋር ነው ጋሼ። ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ላሸነፈ። በባዶ።»

በባዶ ማለት ማንም ለማንም ኳስ ሳይሰጥ ማለት ነው። ሽማግሌው ብሩን አልጨበጡትም።

«ከመሳፍንት ጋር በዚህ ቤት በባዶ የሚጫወት ሰው የለም ልጄ። ለአንተነህ እንኳ ሁለት ይሰጠዋል።»

የእህል ደላላው አንተነህ ከአግዳሚው ላይ ሆኖ ስሙን ሰማና አንገቱን አሰገገ።

«ሐኪም፣ ላም መሰለሽ እንዴ? ይሄኛው ይራገጣል።»

«የሚራገጠውን አሳስሬ ነው የምወጋው። አንተ ተራህን ጠብቅ።»

አግዳሚው በሳቅ ተናወጠ። መሳፍንት አልሳቀም። ከቁይ ከተማ ወደ አዲስ አበባ ጤፍ የሚያመላልስ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ረጅም፣ ድምፁ ለስላሳ፣ በከተማው ስቴካ ከያዙት ሁሉ የላቀ። ጠመኔውን ከጠረጴዛው ጠርዝ አነሣና በትሕትና፣ «እህቴ፣ ሦስቱን ያዢ ግድ የለም» አላት። «እኔ ያንቺን ገንዘብ መብላት ነውር ነው የሚሆንብኝ።»

«የአንተነህን ስትበላ ነውር አይደለም?»

«እሱማ ወንድሜ ነው። አንቺ እህት ነሽ።»

«እህትህን ቤትህ ሄደህ ፈልጋት። እዚህ የቆምኩት ተጋጣሚህ ነኝ።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ፍርዱ የእርስዎ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ አመታቴን አይተው ይፍረዱልኝ። ቀሚስ ለብሼ መጥቼ አላውቅም፤ እርስዎ ግን ሁልጊዜ ቀሚሴን ነው የሚያዩት።»

አንተነህ ተነሥቶ ወደ መሳፍንት ጆሮ ጎንበስ አለና አንድ ነገር ተናገረ። የኔአለም አየችው፤ ሊያላግጡብኝ ነው ብላ ተወችው። መሳፍንት ብሩን ከኪሱ አወጣ።

«እሺ። በባዶ።»

ጋሽ ወልደ ሩፋኤል የሁለቱንም ብር ጣሳው ውስጥ ከተቱና «በባዶ» አሉ፤ ቃሉ አፋቸው ውስጥ እንደ ጠጠር የቆረቆራቸው ይመስል ነበር።

የመጀመሪያውን ጨዋታ መሳፍንት አሸነፈ። እሷ ሦስት ኳስ ቀርቷት ነበር። ግን እንዴት አድርጎ አሸነፈ! ኳሶቹን እንደ መንገድ ያውቃቸዋል፤ የትኛው ቀድሞ፣ የትኛው ኋላ እንደሚገባ ከመነሻው ቆጥሮ ነው የሚነሣው። የኔአለም ስቴካዋን ተደግፋ ስታየው ሰባት ወር ደረቷን ቀስፎ የያዛት ነገር ላላ አለ። ተሸነፈች፤ የተሸነፈችው ግን ማንም ኳስ ሳይሰጣት፣ በራሷ አመታት ነው።

ያኔ አንተነህ አግዳሚው ላይ ቆሞ ውርርድ መቀበል ጀመረ።

«እኔ ለሐኪሟ እይዛለሁ! ለመሳፍንት የሚይዝ ይምጣ፣ አንድ ለሁለት እከፍላለሁ።»

ሰዎቹ ሳቁበትና እየተጋፉ ለመሳፍንት አስያዙ። ከአማኑኤል ከተማ የመጣ አንድ ገበሬ፣ በግ የሸጠበትን ብር ከመቀነቱ ፈቶ ሰጠው። የኔአለም ገረማት። አንተነህ በሰባት ወር ውስጥ ለእሷ አምስት ብር አስይዞ አያውቅም።

ሁለተኛውን ጨዋታ እሷ አሸነፈች። አግዳሚው ጮኸ፤ እሷ ግን አልተደሰተችም። አንድ ነገር ሸተታት። በፑል ሳያስበው የሚስት ሰው የሚስተው ኳሱን ብቻ አይደለም፤ የሚመታበት ነጩ ኳስም ከእጁ ያመልጠዋል፤ ሄዶ አንዱ ጥግ ይሸጎጣል፣ ወይም ከሌላ ኳስ ጋር ይላተማል። የመሳፍንት ነጭ ግን ሦስት ጊዜ ሲስት ሦስቱንም ጊዜ የቆመው፣ የኔአለም ምረጪ ብትባል በምትመርጠው ቦታ ላይ ነበር። ይህ ስሕተት አይደለም። ይህ ከማግባት የከበደ ችሎታ ነው።

በሦስተኛው ጨዋታ ዓይኗን ከነጩ ላይ አልነቀለችም። እሱ አገባ፣ እሷም አገባች፤ አግዳሚው ትንፋሹን እስኪውጥ ድረስ ተያይዘው ሄዱ። በመጨረሻ የሁለቱም ኳሶች አለቁና ጥቁሯ ብቻ ቀረች። ተራው የመሳፍንት ነበር። ጎንበስ ብሎ፣ ረጅም ጊዜ አነጣጥሮ፣ መታ። ጥቁሯ ተንከባላ ከቀዳዳው ከንፈር ላይ ስትደርስ ቆመች። ነጩም ተከትሏት ሄደና ከኋላዋ በስንዝር ርቀት፣ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ቆመ።

አግዳሚው አቃሰተ። መሳፍንት ራሱን ነቀነቀ። አንተነህ ጣሪያውን እያየ ከንፈሩን ነክሷል።

የኔአለም ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። በዕድሜው ስቴካ ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ያችን ኳስ አይስታትም። ብትነካት አራት ሺህ ብሩ የእሷ ነው። ነገ ከተማው ሁሉ፣ የኔአለም መሳፍንትን በባዶ አሸነፈችው ይላል። ውሸቱን የሚያውቁት እሷ፣ መሳፍንትና አንተነህ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ ውርርዱን ሊካፈሉ ተስማምተዋልና አይናገሩም። የመጀመሪያው ጨዋታ፣ ያ ደረቷን ያላላላት ጨዋታ፣ ገበሬው የበጉን ብር እንዲያስይዝ የተጣለ ማጥመጃ ኖሯል። ሦስት ኳስ ሲሰጧት ቢያንስ በአደባባይ ነበር። ዛሬ ጨዋታውን በሙሉ ሰጧት፤ ለዚያውም በድብቅ።

ከዚያ ጎንበስ አለች፣ የስቴካውን ጫፍ ከጥቁሯ ወደ ጎን አዞረች፣ ነጩንም በቀስታ ገፋችው። ነጩ ምንም ሳይነካ ተንከባሎ ባዶው ጠርዝ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ሐኪም ሳተችው!» አለ አንዱ።

«አልሳትኩም» አለች ቀና ብላ። «ነጩ ሌላ ኳስ ካልነካ ተጋጣሚ ያነሣዋል፤ የቤቱ ደንብ ነው። ያንሣና በፈለገበት ያስቀምጠው።»

መሳፍንት ነጩን አነሣ። መዳፉ ውስጥ አገላበጠውና ወደ እሷ ቀረበ።

«የኔአለም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር። «ምን ፈልገሽ ነው?»

«ጥቁሯ ያቻት። ወይ አግባት፣ ወይ ሳታት። ሰው ሁሉ እያየህ ነው።»

መሳፍንት ወደ አንተነህ ተመለከተ። አንተነህ ራሱን በጥቂቱ ወዘወዘ፤ አይሆንም ማለቱ ነው። መሳፍንት ዓይኑን ወደ ጥቁሯ መለሰ። በዚህ ከተማ ስሙ የተጠራው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ነገር ከቀዳዳ ከንፈር ላይ በሃያ ሰው ፊት ሊጥለው ነው። የግንባሩ ሥር ተገተረ። ነጩን አስቀመጠ፣ አላነጣጠረም፣ መታ። ጥቁሯ ቀዳዳው ውስጥ ገብታ የጠረጴዛው እንጨት አስተጋባ።

ለእሱ ያስያዙት ሰዎች ደስታቸውን ገና ሳይጨርሱ አንተነህ ከአግዳሚው ዘለለ።

«ምን ሆነሃል አንተ? ተነጋግረን አልነበረም እንዴ?»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ምን እንዳለ ገባው። በጉን የሸጠው ገበሬ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ምን ተነጋግራችሁ ነው ወንድሜ?»

«የለም እሱማ... በቀልድ...»

«ና እስቲ ውጪ ንገረን። ብራችንንም ያዝና ና።»

አምስት ስድስት ሆነው ከበቡትና ይዘውት ወጡ። የአንተነህ መሐላ ከደጅ ይሰማ ነበር፤ የሚሰማው ሰው ግን አልነበረም።

ጋሽ ወልደ ሩፋኤል ጣሳውን አውርደው ወደ መሳፍንት ዘረጉ። መሳፍንት አልተቀበላቸውም። የኔአለም የሽማግሌውን ፊት አየች። በዚያ ፊት ላይ ድንጋጤ የለም።

«ጋሼ፣ ሆን ብሎ ሲስት አይተው ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው ጨዋታ።»

«ሃያ ዓመት የፈረደ ዓይን አይቶ ዝም አለ?»

ሽማግሌው ጣሳውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «አንድ ቀን እንኳ ታሸንፍ ብዬ ነው ልጄ። ደስ እንዲልሽ።»

ንዴቷ እዚህ ላይ ጫፍ ደረሰ። አንተነህ የሸጣት በገንዘብ ነው፤ ሰውየውም ሥራውም ይታወቃል። እኚህ ግን የሸጧት በርኅራኄ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ማንም ይዞ ወደ ውጪ አያወጣቸውም።

«ማሸነፍ ብፈልግ ሦስት ኳሴን ይዤ እቀመጥ ነበር» አለች። ድምፏ አልጮኸም፤ በሩ አጠገብ የቆመ ሰው ግን ወደ ኋላ ሸሸ። «እኔ መጫወት ነው የፈለግሁት። ይህን ያህል ከበዳችሁ?»

መልሱ የመጣው ከሽማግሌው ሳይሆን ከጠረጴዛው ማዶ ነው።

«ደርድሪ» አለ መሳፍንት።

ፊቱ ጠቁሯል። ያ ለስላሳ ድምፅ የለም።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«የተዋረድከው በራስህ እጅ ነው።»

«ኳሶቹን ደርድሪ አልኩሽ። አሁን አሳይሻለሁ።»

እህቴ አላላትም፤ ሐኪምም አላላትም። የኔአለም ኳሶቹን ከየቀዳዳው አውጥታ ደረደረች። ጋሽ ወልደ ሩፋኤል ከልማዳቸው የተነሣ ሊፈርዱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሁለቱም ዞረው ሲያዩዋቸው መልሰው ዘጉት።

መሳፍንት የመጀመሪያውን ምት የመታው በበቀል ነበር። ኳሶቹ ተበተኑ፤ ሁለቱ ወዲያው ገቡ። ከዚያ ሦስት ተከታተሉ። ስድስተኛዋን የሚያገባበት መንገድ ሲያጣ ነጩን ወስዶ ከራሱ ኳስ ጀርባ ደበቀባትና፣ «እስቲ ተወጪው» ብሎ ጠረጴዛውን ለቀቀላት። ከየትም ብትቆም የእሷ ኳስ አይታይም ነበር። በጠርዙ አስነጥራ ሞከረች፤ አንዱን ነካች፣ አልገባላትም። እሱ ስቶ ተራ ስታገኝ ሦስት አገባች። በሚቀጥለው ሁለት አገባች፤ አንደኛዋን ከጥግ እስከ ጥግ፣ በቀጭን አመታት፤ ከአግዳሚው አንድ ሰው በአድናቆት ተነፈሰ። መሳፍንት የቀሩትን ሁለቱን አገባ። ጥቁሯንም አገባ።

ሁለት ኳስ ቀርቷት ተሸነፈች።

«አለቀ» አለ። በድምፁ ውስጥ ይቅርታም ማጽናናትም አልነበረም።

«አለቀ» አለች። ጥርሷን ነክሳለች። ያቺን በጠርዝ የሞከረቻትን ኳስ ቀጠን አድርጋ ብትመታት ኖሮ ትገባ እንደነበር አሁን ይታያታል፤ ራሷን በጥፊ ልትመታ ቃጣት። ለሰባት ወር የተናደደችው በሰው ነበር። አሁን ደግሞ በገዛ ክንዷ ተናደደች።

ከደጅ ጭቅጭቁ አልበረደም። ጠመኔውን አንሥታ የስቴካዋን ጫፍ ቀባች።

«ድገም» አለችው።

መሳፍንት ከቀዳዳዎቹ ኳስ መልቀም ጀምሯል።