የመኪናዋ ብርድ

ልብስ ሰፊው፣ ሚስቱ “ከእንግዲህ እጥበቱ ይቅርብኝ” ስትለው መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ወዲህ በሳምንት ሁለቴ ሐኪም ቤት የሚያመላልሳት እሱ ነው። እጥበቱ ከቀረ ምን እንደሚከተል ደግሞ ሁለቱም ያውቃሉ።

“ምን ሆነሽ ነው?”

“መኪናህ ናታ! ከእጥበቱ ስወጣ ደሜ ሁሉ የቀዘቀዘ ይመስለኛል፤ ያ ማሞቂያህ ደግሞ እፍ ከማለት በቀር ምንም አያውቅም። ብርዱን አልቻልኩትም፣ በቃኝ።”

አይ እሱ! ይኼን ሲሰማ ጭራሽ ቀለል አለው። የተከፋ ሰው ማባበል አይሆንለትም፤ ማሞቂያ ግን ዕቃ ነው፣ ዕቃ ይጠገናል። ዕድሜ ልኩን የሰው ሱሪ ሲያጠብብና ሲያሰፋ ስለኖረ መፍታትና መግጠም አይታክተውም።

በማግስቱ ጠዋት እጅጌውን ሰብስቦ ኮፈኑን ከፈተ። ልጆቻቸው ሁሉ ጎጆ ወጥተዋል፤ እጃቸው ላይ የቀረችው ይቺው አሮጊት መኪና ናት። የራዲያተሩን ውሃ አየ፣ ሙሉ ነው። ማራገቢያውን ከፈተ፣ አቧራ ያስነሳል። ሞተሩን አስነስቶ ወደ ማሞቂያው የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች ጨበጠ። አንዱ ሞቆ ሌላው ቢቀዘቅዝ ኖሮ ማሞቂያው ተደፍኗል ይል ነበር፤ ሁለቱም እኩል ለብ ብለዋል። እንግዲያው ውሃው ራሱ አልሞቀም ማለት ነው። ሰፈሩን ዞሮ ሲመለስ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ከታች እንደተጋደመች ናት። ካርቶን ቆርጦ የራዲያተሩን ግማሽ ሸፈነና ደግሞ ዞረ። አሁን መርፌዋ ቀና አለች፣ ነፋሱም ሞቅ አለ። ነገሩ ገባው፤ ውሃው ገና ሳይሞቅ ራዲያተሩ ያቀዘቅዘዋል። ካርቶን አስሮ መኖር ግን አይቻልም፤ ዳገት ላይ ሞተሩን ያፈላዋል።

የሚስቱ ታናሽ ወንድም መካኒክ ነው። ሰፈሩ “ቀዶ ጥገና” ይለዋል፤ እጁ የገባች መኪና አንድ ነገር ሳይወጣላት አትመለስም።

“ቴርሞስታቷ ሳትበላሽ አልቀረችም” አለው ልብስ ሰፊው። “ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ይዛ የምታቆየዋ።”

“ምኗ ይበላሻል ጋሼ? እኔው ነኝ አውጥቼ የጣልኳት! ያኔ ሞተሩ ፈላብኝ ብለህ መጥተህ አልነበር? ይኸው ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልፈላም።”

“አልፈላም። አልሞቀምም።”

“መኪና ምን ሊያደርግልህ ይሞቃል?”

“እህትህ ብርዱን ስላልቻልኩ እጥበቱን እተዋለሁ ብላለች።”

መካኒኩ የጀመረው ሳቅ ፊቱ ላይ ቀረ። የሌላ ሰው መኪና ትቶ ተነሳ፤ አዲስ ቴርሞስታት ፈልጎ አመጣና “ቢፈላ ግን የለሁበትም” እያለ ገጠመው። ራዲያተሩን ሲያጥበው የወጣውን ዝቃጭ አይቶ ግን አፉን ያዘ። ያኔ ሞተሩን ያፈላው ዝቃጩ ነበር፣ ቴርሞስታቷ አይደለችም።

የእጥበቱ ቀን ልብስ ሰፊው ሚስቱን “ዛሬን ብቻ፤ ካልሞቀሽ ሁለተኛ አልጠይቅሽም” ብሎ ለመናት። አንገራግራ ገባች። ዋናው መንገድ ላይ ሳይደርሱ መኪናዋ ጋለች። ሚስቱ ሻርፗን ፈታች፣ ቀጥላ የካፖርቷን ቁልፎች። እሱ በጎን እያየ እንደ ሙሽራ ይቁነጠነጣል።

“ሞቀሽ?”

“ሞቀኝ።” ሻርፗን ጭኗ ላይ አጠፈችና “አሁን ምን ሰበብ ላምጣ?” አለች።

ዳር ይዞ አቆመ። ሞተሩን አላጠፋውም።

“ደከመሽ?”

“ከደከመኝማ ቆየ። ላንተ መንገሩ ከብዶኝ ነው።”

ለካ ሲጠግን የከረመው ሰበቧን ኖሯል።

“እንመለስ ካልሽ እመልስሻለሁ” አላት፤ ቃሉ እንዴት ከአፉ እንደወጣ አያውቅም።

እጆቹን አየች። የሞተሩ ቅባት ጥፍሮቹ ሥር እንደገባ ነው።

“ተው፣ ንዳ። ዛሬን ላንተ ስል ልሂድ።”

“ለእኔ ብለሽስ አትሰቃዪ” ማለት ነበረበት። አላለም። ደስ አለው፣ በደስታውም አፈረ፣ ማርሽ አስገብቶ ነዳ።