ሩዙን የሚበላው ሰው

እኛ መጋዘን ውስጥ ባስማቲ ሩዝ ሲቀቀል፣ ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት ሩዙን ወደፊት የሚበላውን ሰው መልክ ይይዛል። ድሬዳዋ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ያውቃል፤ የማያውቅም መጥቶ አልጠየቀንም።

ለሥራችን ጠቅሞናል። የምናስመጣው ሩዝ ሁሉ ፋብሪካ ውስጥ በእንፋሎት ታጥኖ የመጣ ነው፤ ዓይነቱ ግን ይለያያል፤ ገበያውም እንደዚያው። ስለዚህ ከየጆንያው አንድ እፍኝ ወስደን እንቀቅላለን። ፍሬው ከሚረዝመው ዓይነት ዲሪያ የለበሱ ሴቶች ከተነሱ፣ ለጅግጅጋ ሰርግ ነው። ከመካከለኛው ክራባት ያሰረ ሰው ሹካ ይዞ ከተነሳ፣ ለአዲስ አበባ ሆቴል ነው። አንድ ጊዜ እንፋሎት አይመራኝም ብዬ የሆቴሉን ለሰርግ ላክሁ። ትልቁ ድስት ውስጥ ገንፎ ሆኖ ቀረ። የሙሽራዋ አክስት ስትደውል እስከ ዛሬ ስልክ አላነሳም።

ሸሪኬ ኢፍቱ ትባላለች። ባሏ ነስረዲን የጭነት መኪናችን ሾፌር ነበር። ባለፈው ክረምት ሩዝ ሊጭን ወደ ጅቡቲ ወጣ። መኪናው መንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ፤ እሱ የለም። በጋው ሲገባ ወንድሟ አብዱረዛቅ መጋዘን ድረስ መጣ።

«እህቴ፣ ሐዘን እንቀመጥ። ሰውም እያማን ነው» አላት።

«የሞተ ሰው ሩዝ ይበላል?»

«እንዴት አድርጎ ይበላል?»

«እንግዲያው ቀቅዬ አያለሁ» አለች።

መቀቀል ጀመረች። ገበያ የለየንለትንም ያልለየንለትንም፣ አንድ ጆንያ አልዘለለችም። ሙሽሮች ተነሱ፣ የሐረር ተማሪዎች ተነሱ፣ ጥርስ የሌላቸው አንድ ሽማግሌ ተነስተው ብዙ አኘኩ። ነስረዲን የለም።

«ተይው አቦ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው» አልኳት።

«አንተ ከሰሉን አራግብ።»

አራገብኩ። ምን ላድርግ፣ እኔም እወደው ነበር።

በመጨረሻ የቀረው የትኛውም ገበያ የማይወስደው የተሰባበረው ሩዝ ነበር። ክዳኑን ስታነሳ ነስረዲን ተነሳ። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። መሬት ላይ ተቀምጦ በእጁ ይበላል። ኢፍቱ አላለቀሰችም።

«ለዚህኛውም ገበያ ተገኘለት» አለች።

ገበያው የት እንደሆነ ግን ከልብሱ አይታወቅም። ስለዚህ የተሰባበረውን ሩዝ መኪናው ላይ ጫንን፤ እሷም ድስቱን ከነምድጃው ጋቢና ውስጥ አስቀመጠችው። መሪውን ራሷ ይዛ፣ እኔን ከጎኗ አስቀምጣ ወደ ሐረር መውጫ ስትዞር ነስረዲን ሳሳ። ወደ አዲስ አበባ ስትዞር እግሩ ጠፋ። በጅቡቲ መንገድ ወደ ደወሌ በረሃ ስትዞር የሸሚዙ ቁልፍ ሳይቀር ታየ።

«በዚያ በኩል ፖሊስ ፈልጎ አጥቶታል» አልኳት ወርጄ በመስኮቱ።

«ፖሊስ ሩዝ አልቀቀለም» አለችኝና ሄደች።

ከዚያ በኋላ ስልኳ አልሠራም። አብዱረዛቅ እየመጣ ጆንያ ላይ ይቀመጣል። አሁን ሐዘን የምንቀመጠው ለሁለት ሰው ይሁን ወይ ብሎ መጠየቅ ፈርቷል፤ እኔም እንዳይጠይቀኝ ፈርቻለሁ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አላስችል አለኝ። የተሰባበረው ሩዝ ሲጫን መሬት ላይ የፈሰሰውን ጠረግሁ፣ ጠጠሩን ለቅሜ አጠብሁና ጣድኩት።

ክዳኑን ሳነሳ ነስረዲን ተነሳ። ቀጥሎ ኢፍቱ ተነሳችና አጠገቡ ተቀመጠች፤ ጫማዋን አውልቃለች።

«አለች» አለ አብዱረዛቅ።

ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር። አንዴ አጎረሰችው። ሳይቸኩሉ በልተው ሲጨርሱ ኢፍቱ እጇን አራገፈች፤ እንፋሎቱም ተበተነ።

ወደ ድስቱ አጎነበስን። ከሥሩ ከሰሉ ገና ይነድዳል። ውስጡ አንዲት ፍሬ ሩዝ አልነበረም፤ ታቹ ላይ የሁለት ሰው የጣት ፈለግ ነበር።