ሳልጨርስ የፈረምሁበት ክፍል

በቴሌቪዥን ጣቢያው የፕሮግራም መርማሪ ሆኜ በሠራሁባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ለሕዝብ አይበጅም ብዬ ያስቀረሁት ሥራ ብዙ ነው። በአብዛኛው አልጸጸትም። ዛሬ በየስክሪኑ የሚዥጎደጎደውን ደምና ጩኸት ስመለከት ግን፣ ሰውን በወጉ ማስፈራት የሚያውቅ ደራሲ መጥፋቱ ያሳዝነኛል። ፍርሃት የሚገነባው በዝምታ ነው። ይህን ያስተማረኝ እኔው ራሴ ያገድሁት ሰው ነው።

የእርሱ ተከታታይ ድራማ አሥራ ሁለት ክፍል ነበረው። ነገሩ ቀላል ነው፦ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖርበትን ቤት በር አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ ማንም አይከፍትም። ደም የለ፣ ጥርሱን ያገጠጠ ጭራቅ የለ። ሆኖም እሁድ ከሰዓት በኋላ ሲተላለፍ ጎዳናው ጭር ይል ነበር፤ ሰኞ ደግሞ በየቢሮው ሰው ሁሉ የባልደረባውን ጠረጴዛ ሦስት ጊዜ እያንኳኳ ያስደነብራል። እኔም በሥራ ስም ከሁሉ ቀድሜ ስለማየው በልቤ እኮራ ነበር። አድናቂ ነበርሁ፤ ግን ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። በጣቢያው ሳምንታዊ ምክር የሚሰጥ የሥነ ምግባር ሰው በሙት መንፈስ ድራማ ልቡ ተሰቅሏል ቢባል መሳቂያ መሆኔ ነው።

ባለፈው ወር የዚያ ድራማ አዘጋጅ ልጅ ቤቴ መጣች። አባቷ ከሞተ ዓመት አልፎታል።

«ጋሼ፣ አሥራ አንዱ ክፍል ተገኝቷል» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። «የመጨረሻው የለም። ያለው የእርስዎ ሪፖርት ብቻ ነው።»

ከቦርሳዋ አውጥታ አነበበችልኝ። «‹እስከ መጨረሻው ታይቷል። ፍጻሜው የቤተሰብን ክብር የሚያረክስ፣ የተመልካችን አእምሮ የሚበክል ሆኖ ስለተገኘ አይተላለፍም።› ከዚያ በኋላ ለአባቴ ሥራ የሰጠው የለም። የሰርግ ቪዲዮ ሲቀርጽ ኖሮ ሞተ። ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር ከቤት ይወጣ ነበር። እውነት ያን ያህል ጸያፍ ነገር ሠርቶ ነው?»

«ዘመኑ እኮ ልጄ…»

«ዘመኑን ይተዉት። ምን አዩ?»

«ካሴቱን እንፈልገው» አልኋት፤ እንደማይገኝ ተስፋ አድርጌ።

ጣቢያው ካሴት ይቸግረው ስለነበር፣ በታገደ ፕሮግራም ላይ በማግስቱ ሌላ ይቀረጽበት ነበር። አብረን ጣቢያው ስንሄድ የካሴት ክፍሏ ኃላፊ አቧራ የጠጣውን መዝገብ ገልጣ በጣቷ ወረደች። «ቁጥር አርባ አንድ። ድራማ፣ ክፍል አሥራ ሁለት፤ ተሰርዟል። ከሥሩ ‹ሳምንታዊ ምክር›…» ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ የእርስዎ እኮ ነው! ካሴት ባለቀብን ጊዜ እንኳ ይሄን የነካው የለም። አክብረነው እንዳይመስልዎት፤ ረስተነው ነው።»

በጠባቧ ክፍል ሦስታችን ተቀምጠን አየነው። ጥቁር ጸጉር የነበረኝ እኔ፣ ክራባቴን አጥብቄ ስለ ሰዓት አክባሪነት እመክራለሁ። ልጅቷ አገጯን በእጇ ደግፋ ቻለችኝ።

«ሁሌም እንዲህ ነበሩ?»

«ይህ የተሻለው ነው» አልኋት።

ከተመደበልኝ ሠላሳ ደቂቃ ሦስቱን አትርፌ ጨርሼ ኖሯል። ተሰናብቼ ስጠፋ ምስሉ ተንቀጠቀጠና ከሥሬ የነበረው ብቅ አለ፦ ጠባብ መተላለፊያ፣ ባዶ እግሯን የምትራመድ እናት፣ ወደ መቀርቀሪያው የሚዘረጋ እጅ። እጁን አወቅሁት።

በሩ ተከፈተ። ከረጅም ጊዜ በፊት የሞተው ባሏ በዝናብ የራሰ ካፖርት ለብሶ ቆሟል።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ሳንኳኳ ለምን አልከፈታችሁልኝም?»

«ፈርተን» አለች። ካፖርቱን ተቀብላ ሚስማር ላይ ሰቀለችለት። አለቀ።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «ምኑ ነው የሚያረክሰው?»

«ያኔ አላየሁትም ልጄ።»

«ምን አሉ?»

«እጇ መቀርቀሪያውን ሲነካ ማሽኑን አጠፋሁት። ፈራሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ፣ ላብ አጠመቀኝ። መፍራቴ አሳፈረኝ፤ ማፈሬ አናደደኝ። በዚያው ንዴት ጨርሼ አይቻለሁ ብዬ ፈረምሁ።»



«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልሁ።

«እኔን አይደለም የበደሉት» አለች፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «በር እያንኳኳ እኮ ነው የሞተው።»



ወደ ስክሪኑ ዞር ብላ፣ «የተደመሰሰውን ሃያ ሰባት ደቂቃ ያየ ሌላ ሰው አለ?» አለችኝ።

«ተዋናይቷም የካሜራ ባለሙያውም አልፈዋል። እኔ ብቻ ነኝ።»

«ያስታውሱታል?»

«አንድም ሳይቀር።»

ስልኳን አውጥታ መቅጃውን ከፈተችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊቴ አስቀመጠችው። «እንግዲያው ይንገሩኝ። አሁን ግን እስከ መጨረሻው።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ዝናብ ነው» አልሁ። «ሙዚቃ የለም፤ አባትሽ በዚህ ቦታ ሙዚቃ አያስገባም። ጣሪያው ያፈስሳል፤ ከሥሩ ሳህን ተቀምጧል። ካሜራው ሳህኑ ላይ ይቆያል፤ ከምትጠብቂው በላይ ይቆያል። ጠብታው አንድ፣ ሁለት ይላል… ሦስተኛውን ስትጠብቂ፣ በሩ ይንኳኳል።»

የካሴት ክፍሏ ኃላፊ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋች።