ችሎት የቀረበው በር

ልብስ ሰፊዋና ታናሽ ወንድሟ ሰዓት ሠሪው በዓመት አንድ ቀን ክፍል ይቀያየራሉ። ትምህርት ቤት በተከፈተ በመጀመሪያው ቅዳሜ እሷ የስፌት መኪናዋን፣ እሱ የግድግዳ ሰዓቶቹን ተሸክመው መሃል በሩ ላይ ይጋጫሉ፣ ይነታረካሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሲመሽ ፊት የነበረው ኋላ፣ ኋላ የነበረው ፊት ሆኖ ያድራል። ሰፈሩ ለምዶታል። ደንበኛ ግን አይለምድም፤ ሱሪ ሊያሳጥር ገብቶ ሃያ የግድግዳ ሰዓት ባንዴ ሲደውልበት ልቡ ተሰቅሎ የሚወጣ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም።

ይህን ሥርዓት ያወጣላቸው አባታቸው አናጢው ነው። ቤቱን ሲሠራ አቅሙ የፈቀደለት ሁለት ክፍል ብቻ ነበር። የፊቱ ክፍል መንገድ ዳር ስለሆነ ገበያ አለው። የኋላው ቧንቧና ትንሽ ግቢ አለው፣ ገበያ ግን የለውም፤ ወደ መንገድ የሚወጣውም በፊተኛው ክፍል ታልፎ ነው። አባትየው አልጋ ላይ እንደዋለ ሁለቱንም ጠርቶ፣ «ቤቱ የሁለታችሁም ነው። አንዳችሁ ፊት ተደላድላችሁ ሌላችሁ ኋላ ተረስታችሁ እንዳትቀሩ። በየዓመቱ ተቀያየሩ፣ መሃል በሩ ላይ ጻፉት፣ ላዩን ቫርኒሽ ቀቡት» አላቸው። ቫርኒሹ ለምን እንዳስፈለገ አልነገራቸውም። እነሱም ሰውዬው ያገኘውን ሁሉ ቫርኒሽ መቀባት ስለሚወድ ነው ብለው አለፉት። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በሩ ላይ በእርሳስ ቀኑን፣ ማን ፊት ማን ኋላ እንደሆነ ጽፈው፣ ሁለቱም ፈርመው፣ ከላይ እስከ ታች ቫርኒሽ ይቀቡታል።

መጥሪያው የመጣው ዘንድሮ፣ ፊቱ የወንድምየው በሆነበት ዓመት ነው። ልብስ ሰፊዋ ግቢ ውስጥ ልብስ ስትተኩስ አንድ የፍርድ ቤት መልእክተኛ በሰዓቶቹ መሃል አልፎ መጥቶ ወረቀቱን ሰጣት። አነበበችው። ያ ተለቅ ያለ ካፖርት የሚለብሰው፣ ለሁሉ ነገር «ችግር የለም» ስለሚል ስሙ ራሱ «ችግር የለም» ሆኖ የቀረው አራጣ አበዳሪ፣ ቤታቸው በሐራጅ እንዲሸጥለት ከሷል። ብድሩ የወንድሟ ነው። መያዣው የፊቱ ክፍል ነው። የኋላው ክፍል ደግሞ መውጫ ስለሌለው ቤቱ ሊከፈል አይችልም፤ ስለዚህ ሙሉው ይሸጥና እህትየው ከሽያጩ ድርሻዋን ታገኛለች ይላል። ካውያውን ነቅላ ወደ ፊተኛው ክፍል ገባች።

ወንድሟ ማጉያውን ዓይኑ ላይ እንደሰካ አንገቱን ደፋ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እትዬ፣ ልነግርሽ ነበር እኮ።»

«መቼ? ሐራጁ ሲጮህ?»

ቀስ በቀስ ነገሩ ወጣ። የአደባባዩን ትልቅ ሰዓት ሊጠግን ከከተማው ጽሕፈት ቤት ጋር ተዋውሎ፣ መለዋወጫውን በብድር ገዝቶ ነበር። ሰዓቱ ዛሬ ሳይዛነፍ ይሠራል፤ ከተማው በሙሉ በሱ ሰዓት ቀጠሮ ይይዛል፤ የሠራበት ዋጋ ግን እስካሁን «ነገ ና» እንደተባለ ነው። ብድሩን ሲሰጠው ችግር የለም ቢሮው ወስዶ አንድ ባዶ ወረቀት አስፈረመው።

«ባዶ?»

«ለደንቡ ነው፣ ችግር የለም አለኝ።»

«አንተ! የሰዓት ጥርስ በማጉያ የምትቆጥር ሰው፣ ወረቀት ባዶ መሆኑ አይታይህም?»

ዓይኑ እንባ ሞላ፣ እሷም አየችው፣ ግን አላዘነችለትም። እንደ እውነቱ ከሆነ በዚያች ሰዓት ብትችል ካውያውን ጀርባው ላይ ታሳርፍበት ነበር። አርባ ስድስት ዓመት የምታውቀው ቤት ነው። የተወለደችው እዚያ ነው፤ ባሏ ጥሏት ሲሄድ ተመልሳ የገባችው እዚያ ነው። ሌላ መግቢያ የላትም።

ጠበቃ የምትይዝበት አቅም ስለሌላት በማግስቱ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ወደሚጽፉት ሽማግሌ ሄደች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አስቀምጠው የክሱን ወረቀት ገለጡ።

«ልጄ፣ ልምከርሽ» አሏት። «ወንድምሽ ፈርሟል፤ ፊርማው የሱ መሆኑን አይክድም። አንቺ ከሱ ጋር አብረሽ አትስጠሚ። ግማሹን ገንዘብ ልውሰድ ብለሽ አመልክቺና ውጪ።»

«ወንድሜስ?»

«እሱ የሥራውን ያግኝ።»

እውነት ለመናገር ልቧ ወደዚያ አዘንብሎ ነበር። ተናዳለች። እሺ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ግን ልብስ ሰፊ ናት፤ ያየችውን ልብስ ሁሉ ገልብጣ ስፌቱ የተጋጠመበትን ሳታይ አታልፍም። «እስቲ አባባ፣ የመያዣ ውሉን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡልኝ» አለቻቸው።

ሽማግሌው አነበቡ። ውሉ ላይ ያለው ቀን የአምና ነው፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። «ተበዳሪው በስተፊት ያለውንና ለብቻው የያዘውን፣ ውሉ የተፈረመበትን የሰዓት ጥገና ክፍል፣ ሁለት ምስክሮች ባሉበት በመያዣነት ሰጥቷል...»

«ቆይ ቆይ። ይመልሱት።»

መለሱት። ልብስ ሰፊዋ በጣቷ ቆጠረች። አምና ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል... ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው የተቀያየሩት... አምና በዚያን ጊዜ ፊት የነበረችው እሷ ናት! አርባ የምረቃ ጋውን የሰፋችው በዚያው ክፍል አይደለም? ሰዓቶቹ ኋላ ከቧንቧው አጠገብ አልነበሩም? ችግር የለም ባዶዋን ወረቀት አስቀምጦ፣ ወንድሟ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ዘንድሮ መጥቶ ቤቱን አይቶ፣ ያየውን ጽፎ፣ የአምናን ቀን ለጥፎባታል። ይህን ስህተት በዚህች ቤት ላይ ካልሆነ በየትም ቤት ላይ ሊሠራ አይችልም ነበር።

ሳቀች። ሽማግሌው በሳቋ ደነገጡ፤ በዚያ አጥር ሥር የሚሳቅ ነገር በዓመትም አይገኝም።

«አባባ፣ ያንን ማመልከቻ ይተዉት። ልከራከር ነው።»

የችሎቱ ቀን ችግር የለም ካፖርቱን ደርቦ፣ ጠበቃውን በቀኙ፣ ሁለት ምስክሮቹን በግራው አድርጎ መጣ። ሲያያት ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣት። «እህቴ፣ አይዞሽ፣ ድርሻሽን ታገኛለሽ፣ ችግር የለም» አላት። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፣ በጣም በትሕትና።

ዳኛዋ ቀጠን ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ነበሩ። የመጀመሪያው ምስክር ቃለ መሐላ ፈጸመ። ውሉ ሲፈረም እዚያው ፊተኛው ክፍል ውስጥ ነበርኩ አለ። ልብስ ሰፊዋ ጥያቄ እንዳላት ተጠየቀች። ተነሳች።

«ወንድም ዓለም፣ የት ተቀምጠህ ነበር?»

«በርጩማ ላይ።»

«ግድግዳው ላይ ምን ነበር?»

ምስክሩ ፈገግ አለ፤ ይህቺ ቀላል ናት። «ሰዓት ነዋ! ግድግዳው ሙሉ ሰዓት ነው። እንዲያውም ልንፈርም ስንል ሁሉም ባንዴ ደወሉና ተሳሳቅን።»

«ኧረ? የስፌት መኪና አላየህም?»

«ምን ያደርጋል የስፌት መኪና ሰዓት ቤት?»

ሁለተኛው ምስክር ወጣት ነው፤ እሱም ሰዓቶቹን ቆጠረላት፣ የእንጨቱን፣ የነሐሱን፣ አንዱ ወፍ እንደሚወጣበት ጭምር። ሲናገር ግን ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ችግር የለም ራሱን ነቀነቀ፤ በምስክሮቹ ኮርቷል።

«የተከበሩ ዳኛ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «የኔ ማስረጃ ውጭ ቆሟል፣ ይግባልኝ።»

ችሎት አስከባሪው ወጥቶ ግራ ገብቶት ተመለሰ። «የተከበሩ ዳኛ፣ ሰው አይደለም። በር ነው።»

ችሎቱ ጉምጉም አለ። ወንድምየው ማለዳ በካቻቪቴ ከማጠፊያው ፈትቶ፣ በአናቱ ተሸክሞ፣ አደባባዩን አቋርጦ ያመጣው ያ መሃል በር ገባ። ከዳኛዋ ፊት ለፊት በጀርባው ደግፎ አቆመው። እጀታው እንኳ አልወለቀም። ልብስ ሰፊዋ የአባቷን ቃል ተናገረች፤ ከዚያ በጣቷ ከላይ ወደ ታች እያሳየች አነበበች፣ አሥራ ዘጠኙንም። አሥራ ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ «ፊት እህቴ፣ ኋላ እኔ» ይላል በወንድሟ ጽሕፈት። አሥራ ዘጠነኛው ዘንድሮ ነው። «ውሉ ተፈረመ በተባለበት ቀን ፊተኛው ክፍል ውስጥ አንድም ሰዓት አልነበረም። እነዚህ ሰዎች የሰሙት ደወል የዘንድሮ ነው።»

የችግር የለም ጠበቃ ብድግ አለ። «እርሳስ ነው! ትናንት ሊጽፉት ይችላሉ!»

ዳኛዋ ከወንበራቸው ወርደው በሩን በጣታቸው ዳበሱት። ኮሪደሩ ላይ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር የሚጠግን አናጢ ስለነበር አስጠሩት። አናጢው ቢላውን አውጥቶ ጠርዙን በቀስታ ፋቅ ፋቅ አደረገ፣ ተነፈሰበት፣ ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው።

«በየመስመሩ ላይ ቫርኒሽ አለ፣ እመቤቴ። የታችኛው ላይ አንድ እጅ ነው። ከሱ በላይ ያለው ላይ ሁለት። ከፍ ባለ ቁጥር እየወፈረ ነው የሚሄደው፤ የላይኛው እንደ ማር ቢጫ ሆኗል። ይሄ ባንድ ቀን አይሠራም።» ከዚያ ሳይጠየቅ ጨመረ፤ «ደግሞ እንዴት ያለ በር ነው! የሠራው ሰው እጁ ይባረክ።»

ልብስ ሰፊዋ እስከዚያች ደቂቃ አላለቀሰችም ነበር።

ዳኛዋ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው ወጣቱን ምስክር አዩት። ሐሰተኛ ምስክርነት ስንት ዓመት እንደሚያሳስር በለሆሳስ ነገሩት። ወጣቱ ዓይኑን ከመሬት አነሳ። «እኔ... የፈረምኩት ባለፈው ወር ነው» አለ። «ቀኑን እሳቸው ናቸው የጻፉት» ብሎ ወደ ካፖርት ለባሹ ጠቆመ።

ዳኛዋ ወደ አበዳሪው ዞሩ። «የውሉን ቀን ማን ጻፈው?»

ሰውዬው አፉን ከፈተ። ሠላሳ ዓመት የለመደው ቃል ከልቡ ቀድሞ ወጣ፤ «ችግር የለም፣ ይስተካከላል።»

ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ። ችሎት አስከባሪው ራሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዳኛዋ ግን አልሳቁም፤ ጽፈው ጨርሰው አነበቡት። የመያዣ ውሉ ፈርሷል። ቤቱ አይሸጥም። ሰዓት ሠሪው በእጁ የተቀበለውን ብቻ፣ ያለ አራጣ፣ በየወሩ እየቆራረጠ ይከፍላል። የአበዳሪውና የምስክሮቹ ጉዳይ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።

ሲወጡ ችግር የለም በደረጃው ላይ ካፖርቱን እያጠበቀ ቆሞ ነበር፤ በሩ በላዩ አልፎ ሲወርድ ጎንበስ ማለት ግድ ሆነበት። ማመልከቻ ጸሐፊው ሽማግሌ ከጃንጥላቸው ሥር ተነስተው አጨበጨቡ። በአደባባዩ ሲያልፉ ትልቁ ሰዓት ስድስት ደወለ፣ ልክ በሰዓቱ፣ ወንድምየውም ከበሩ ሥር ሆኖ፣ «ሰማሽ እትዬ? አልተዛነፈም!» አለ። «ዝም ብለህ ተሸከም» አለችው፤ እየሳቀች ነበር ግን።

ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያው ቅዳሜ መጣ። ተራው የእሷ ስለሆነ ወንድምየው ገና በጠዋት ሰዓቶቹን አውርዶ ጨርሶ፣ መኪናዋን መንገዱ ዳር አስተካክሎ አስቀምጦላት ጠበቃት። ዓይኗን ማየት ከብዶት ነበር።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ ፊቱ ያንቺ ይሁን። ለዘለዓለም። እኔ ኋላ ይበቃኛል፣ የሥራዬ ነው። ደግሞ ተመልከቺ፣ በሩም ሞልቷል፣ ለሌላ መስመር ቦታ የለውም።»

ልብስ ሰፊዋ በሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። እውነት ነው፣ ሞልቷል። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«ካቻቪቴህን አምጣ።»

ሁለቱም ተጋግዘው በሩን ፈቱት፣ ገለበጡት፣ ጀርባውን ፊት አድርገው መልሰው ሰቀሉት። ያኛው ወገን ባዶ ነበር፤ አባታቸው ልጎ ያለሰለሰው፣ አንድም ፊደል ያልነካው እንጨት። እርሳሱን ሰጠችው።

«ጻፍ። ዘንድሮ ፊት እህቴ፣ ኋላ እኔ።»

ጻፈ።

«ከሥሩ ደግሞ ጨምር» አለችው፣ «ለከርሞ ፊት እኔ፣ ኋላ እህቴ።» ከዚያ እርሳሱን ከእጁ ተቀብላ ፈረመችና የቫርኒሹን ቆርቆሮ ከፈተች።