ገመድ የሚይዝ ሰው

ዋረን ሻጩ ለሙከራ ያዋሳቸውን ባለስድስት ሜትር ጀልባ የጫነውን ተሳቢ ወደ ኋላ እየነዳ እስከ ባሕሩ አወረደው። ውሃው ጎማውን ሲውጠው ፍሬን ያዘና ወረደ፤ ማሰሪያዋን ፈትቶ ጀልባዋን ገፋ አደረጋት። ከዚያ ገመዱን ለሚስቱ ለኖሊን አቀበላትና መኪናውን ሊያቆም ሽቅብ ነዳ።

በባሕር ዳሯ ከተማቸው ሴንት ሄለንስ ውስጥ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አንዱ መኪናውን አቁሞ እስኪመለስ ሌላው ገመድ ይዞ ይጠብቃል። ኖሊን አርባ አንድ ዓመት ይዛለች። ልማድ ክፉ ነው፤ የጣቶቿ መድከም ለዋረን ትዝ ያለው የመኪናውን ሞተር ካጠፋ በኋላ ነበር። ዞር ሲል ገና ያልገዟት የሰው ጀልባ ገመዷን እየጎተተች ወደ መሃል ትሄዳለች። ኖሊን ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብታ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆማለች።

«ይቺ ጀልባ ብቻዋን ልትዝናና ነው እንዴ!» አለ ዳር ላይ ዓሣ የሚያጸዳ ሰውዬ። የኖሊንን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠ፤ ቢላውን ጥሎ ዋኘና ገመዱን ያዘላቸው።

በሽታው ኖሊንን እንደ ውሃ እያሳሳቀ ነው የወሰዳት። መጀመሪያ ኩባያ ስትጥል አብረው ይስቁ ነበር። ቀጥሎ የልብሷን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። በመጋቢት ሐኪሙ በሽታው ነርቯን እየበላ እንደሆነና መድኃኒት እንደሌለው ነገራቸው። ዋረን ትልቅ ጀልባ ማማረጥ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት ወደ ሻጩ ግቢ ሲመለሱ።

«አንተ ምን አጠፋህ? ያዢ አልከኝ፣ ያዝኩ። እጄ ነው እምቢ ያለኝ።»

«ነፋሱም ነበረበት እኮ።»

«የምን ነፋስ? ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም። ተው እባክህ!»

ሻጩ ክሬግ በር ላይ ጠበቃቸው። ከኋላው ለምርጫ ያዩዋት ሁለተኛዋ ጀልባ ተቀምጣለች፤ አራት ሜትር የማትሞላ ቆርቆሮ። አንድ ሰው ብቻውን ገፍቶ ያስገባታል፣ ሲመለስም አሸዋው ላይ ይጎትታታል። መቀመጫዋ ግን ደረቅ አግዳሚ ስለሆነ ኖሊን አሥር ደቂቃ አትቀመጥበትም። ትልቋ መደገፊያ ያለው ወንበር አላት፣ ጋደም የሚባልበት አልጋ አላት። ይህቺ ጀልባ ግን ያለ ገመድ ያዥ ውሃ አትነካም።

«እህሳ ወዳጄ፣ የትኛዋ ሆነች?» አለ ክሬግ።

«ትልቋ…»

«ትንሿ» አለች ኖሊን።

«ብቻዬን የት ልሄድ ነው፣ ኖሊ?»

«ወደ ዓሣህ ነዋ! ቤት ተጎልተህ ፊቴን ስታይ ልትውል ነው? እኔም እኮ መታየት ሰልችቶኛል።»

«ሃሮልድ ገመዱን ይይዝልናል።»

«ወንድምህ? ሃሮልድ የራሱን ሱሪ መያዝ አቅቶት!»

ክሬግ ሊስቅ ቃጣውና መሬት መሬቱን አየ። ዋረን በዕድሜው ስንት ሞተር አድኗል፣ ስንት ጣሪያ ጠግኗል፤ ይሄን ግን ከየት በኩል እንደሚይዘው አያውቅም። እንደዚህ አቅም ያጣበት ቀን ትዝ አይለውም። እንባው መጣና አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

«በቃ፣ ትንሿ» አለ ድምፁ ደክሞ።

ክሬግ ወረቀቱን አወጣ። «የነፍስ አድን ጃኬት ከኔ በነጻ ነው፤ በተሳፋሪው ልክ እሰጣለሁ። ስንት ልጻፍ?»

ዋረን ሁለት ሊል አፉን ከፈተ። ኖሊን አየችው። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችምም፤ እንዳይዋሻት ብቻ ነበር በዓይኗ የምትለምነው።

«አንድ» አለ።

ክሬግ ጻፈ። ኖሊን በማይጨብጠው እጇ የባሏን ክንድ ደገፍ አለችና ወደ ሻጩ ዞረች።

«ሰፊውን ስጠው፤ ሆዱን አታየውም?»