መስመር የሌለው አሻራ

አጎትየው በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ፣ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ፣ እጁን እሳት ውስጥ ከተተ። የዳቦ ቤቱ ምድጃ ሲፈነዳ ታላቅ ወንድሙን ከነበልባል ጎትቶ አወጣ፤ ቀኝ እጁም ተቃጠለ። የአሳታሚው ቤት አራሚ፣ የዚያው የታላቅ ወንድም ልጅ፣ ይህን ሲያነብ እርሳሱን ወረወረ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ከእሳት የወጣው አጎቱ ነው፤ እሱን ሲያወጡ እጃቸው የተቃጠለባቸው አባቱ ናቸው። አራሚው ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ፣ ለትምህርት ባሕር እስኪሻገር ድረስ፣ የአባቱን የጫማ ክር ያሰረው በማን ምክንያት እንደሆነ ያውቃል።

አጎቱን አስጠራው። አጎቱ በዚያ ሙቀት ቀኝ እጁ ላይ የቆዳ ጓንት አጥልቆ መጣ። የቢሮው ሰዎች «ባለጓንቱ» ብለው ስም ካወጡለት ሳምንት አልፏል። ገጹን ሲያሳየው ቅንጣት አላፈረም። ምድጃው ነበር፣ እሳቱም ነበር፣ ወንድማማቾቹም ነበሩ፤ የቀረው ዝርዝር ነው አለ።

«ማን ማንን አወጣ የሚለው ለአንባቢ ምኑ ነው? ደግሞስ ከዚያ ማዶ ተምረህ መጥተህ፣ ትዝታ ሁሉ ፈጠራ ነው ያልከን አንተ አይደለህም?»

አራሚው በእርግጥ ብሏል። ያውም ምሳ ላይ፣ ሹካውን እያወዛወዘ። በዚሁ ሐሳብ የጻፈው ጥናት እዚያ ማዶ ተጨብጭቦለታል፤ ያጨበጨቡት መምህራን ግን የማንንም አባት ጫማ አስረው አያውቁም። የገዛ ብልጠቱ በአጎቱ አፍ ዞሮ ሲመለስ እንደ ሻገተ ምግብ ሸተተው። ለጥቂት ደቂቃ ከአጎቱ ይልቅ ራሱን ናቀ። ከዚያ ንቀቱ ወደሚገባው ሰው፣ ወደ አጎቱ ተመለሰ።

የአሳታሚው ቤት ደንብ ግልጽ ነው፦ በሕይወት ታሪክ ውስጥ ስሙ የተነሳ ሕያው ሰው ገጹን ሰምቶ ይፈርማል፤ ደራሲውም ከጎኑ ይፈርማል። ያለዚያ አይታተምም። አጎቱ አልሰጋም። ወንድሜ መቼ እምቢ ብሎኝ ያውቃል አለና ደረቱን ነፍቶ ሄደ።

አባቱ በማግስቱ መጡ፤ የጫማቸው ክር ተፈትቶ ይጎተታል። አራሚው ተንበርክኮ አሰረላቸው፣ ከዚያ ገጹን አነበበላቸው። ሽማግሌው አንዴ ብቻ ሳቁ፣ ወንድምየው «ጥርሴን ነክሼ» ያለበት ቦታ ላይ። የዚያን ዕለት የወንድምየው ጩኸት ሦስት ሰፈር ተሰምቶ ነበር።

«አባባ፣ አይፈርሙ።»

«ይውሰደው፣ ልጄ። ያወጣሁት ላወራበት አይደለም።»

እጃቸው ብዕር አይይዝም። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ገጹ ግርጌ ላይ አሳረፉ። ሲያነሱት የቀረው ልሙጥ ጥቁር ክብ ነበር፤ አንዲት መስመር የለውም። የጣታቸውን መስመር እሳቱ ልሶታል።

ከሰዓት በኋላ ባለጓንቱ እየተፍለቀለቀ ገባ። ፈረመልኝ አይደል ብሎ ገጹን ሳያይ ብዕር ጠየቀ። አራሚው በብዕር ፈንታ የቀለሙን ሳጥን ገፋለት።

«ብዕር በምን ይይዛሉ፣ ጋሼ? እጅዎ ተቃጥሏል ይላል እኮ። ጓንቱን ያውልቁና ከወንድምዎ ጎን አሻራዎን ያሳርፉ።»

አጎቱ ያን ጊዜ ልሙጡን ክብ አየ። ቀለሙን አየ። እጁን ኪሱ ከተተ። ቀጠሮ እንዳለበት፣ ነገ እንደሚመለስ ተናገረ። በሩን የከፈተው በቀኝ እጁ ነበር፤ ጣቶቹ በጓንቱ ውስጥ እንደ ልብ ይታዘዙታል።

ገጽ መቶ አሥራ ሁለት፣ አንድ ፊርማ ጎድሎት፣ መሳቢያ ውስጥ ገባ።