ሁለተኛው ፈረስ

አራተኛው ሩጫ ላይ ኤሌውቴሪዮ የራሳቸው ፈረስ እንዲሸነፍ ጸለየ። ጸሎቱ አልሰመረም። የራዲዮኑ ሰውዬ እየጮኸ የእነሱን ቁጥር ጠራ፤ እህቱ ኤርሜሊንዳም ከወንበሯ ሳትነሳ ሁለት እጆቿን ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ዘረጋች።

«አራት ገባ! አንተ ሰውዬ፣ ሬሳ ነህ እንዴ? አታጨበጭብም?»

«እያየሁ ነው፣ እትዬ።»

«በራዲዮ ምን ይታያል!»

ኤርሜሊንዳ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት አልወረደችም። ካራካስን ቁልቁል የሚያየው ይህ ኮረብታ መኪና አያውቅም፤ ያለው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው። ባለፈው ፋሲካ አራት ጎረምሶች ከነወንበሯ ተሸክመው ሊያወርዷት ሞክረው፣ ሠላሳኛው ደረጃ ላይ አንዱን አዳለጠውና እያለቀሰች ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ ከታች፣ በሩ መንገድ ላይ የሚከፈት አንድ ክፍል ቤት። ያንን ደግሞ ከእሁድ የፈረስ ውርርድ ወረቀት በቀር የሚሰጣት አልነበረም።

ስድስት ሩጫ፣ ስድስት አሸናፊ። አምስቱን ያገኘ የሳምንት አስቤዛ ይደርሰዋል፤ ስድስቱን ያገኘ ቤት ይገዛል። አንድ ሩጫ ላይ ሁለት ፈረስ ከተጻፈ አንዱ ማሸነፉ ይበቃል፤ የወረቀቱ ዋጋ ግን እጥፍ ይሆናል፤ ለዚህ ነው ድሃው ሁሉ አንድ አንድ እየጻፈ የሚቃጠለው። ኤርሜሊንዳ ግን ዛሬ ጠዋት የእጥፉን ገንዘብ ቆጥራ ሰጥታው፣ ስድስተኛው ላይ ሁለት እንዲጽፍ ነበር የላከችው። አንዱ አገር ያመነበት ካፒታን ብራቮ፣ ሌላው ዶን ካሲሚሮ የተባለ ሽማግሌ ፈረስ። «እሱ ሩጫው ሲረዝም ነው የሚነቃው። ዛሬ ደግሞ ረጅም ነው» ብላው ነበር።

ጠዋት ወረቀት መሸጫው ቤት ሲደርስ የእሁድ ሊቃውንት ቢራቸውን ጨብጠው ተኮልኩለው ነበር። ከመካከላቸው ኒካኖር የሚሉት አፈኛ በትከሻው ላይ አጮልቆ የጻፈውን አየ።

«ዶን ካሲሚሮ? ወንድሜ፣ እሱ እኮ ያምና ሩጫውን ገና አልጨረሰም! ለዚህ አህያ ብለህ እጥፍ ልትከፍል?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የኤሌውቴሪዮ ፊት ጋለ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲሳቅበት የኖረ ሰው አንድ እሁድ ቢችለው ምን ነበረበት! አልቻለም። ሽማግሌውን ፈረስ ሰረዘው። በተረፈው ገንዘብም፣ ውርደት አያልቅምና፣ ለሳቁበት ሰዎች ቢራ ጋበዘ።

አምስተኛውም ገባ። አሁን ጉድ ፈላ። ወሬው በደረጃው ወጥቶ ወርዶ ጎረቤቱ በሩን ሞላው። ስድስተኛው ሲጀመር ኤሌውቴሪዮ ራዲዮኑን አንቆ ይዞ «ና ብራቮ! ና የኔ ጌታ!» እያለ ይጮህ ጀመር። እንዲህ ሲጮህ ሰምተውት አያውቁም።

«ምን ያስጨንቅሃል፣ ሁለቱም የኛ ናቸው!» ብላ ኤርሜሊንዳ ሳቀችበት።

እስከ መጨረሻው መታጠፊያ ብራቮ መራ። ከዚያ የራዲዮኑ ሰውዬ ድምፁ ተቀየረ። በውጭ በኩል ማንም ያልቆጠረው አንድ ፈረስ እየመጣ ነበር። በአንገት ቀደመ፤ ዶን ካሲሚሮ።

ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። አንዷ ጎረቤት ኤሌውቴሪዮን አንገቱን አቅፋ ሳመችው። እሱ «እትዬ...» ብሎ አፉን ከፈተ፤ የሰማው የለም። እህቱ እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

«አላልኩህም? አላልኩህም ወይ! እኔ ከወገቤ በታች እንጂ ከአንገቴ በላይ አልተሰበርኩም! በል ወረቀቱን ወዲህ በል።»

ከደረት ኪሱ አወጣው። መነጽሯ አጠገቧ አልነበረም፤ አምጡልኝም አላለችም። ወረቀቱን ሳመችው፤ ግንባሯን አስነካችውና ጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

«ነገ የምታወርደኝ አንተ ነህ» አለችው እጁን ይዛ። «ለጎረምሶቹ እንዳትሰጠኝ። አንተ በጀርባህ። እሺ?»

ደጅ የቆሙት ማጨብጨብ ጀመሩ።

«እሺ፣ እትዬ» አላት።